ልቅሶ ደራሾች

ወይዘሮ ያምሮት አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ቆሙላት። ትሕትና ባጁን ከማተባቸው በላይ አጠለቀችና፣ ሰማያዊው ገመድ ለሐዘን ዘቅዝቀው ከለበሱት ነጠላ ጥለት ጋር እንዳይጠላለፍ በጣቶቿ አስተካከለችው። ባጁ ላይ ስም አልነበረም። በትልልቅ ፊደላት «መረጃ አቀባይ» ይላል፤ ከሥሩ የማኅበሩ ዓርማ አለ።

«ምን ይላል ጽሑፉ?» አሉ ወይዘሮ ያምሮት ካርቶኑን በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ።

«እንግዳ ይላል፣ እቴቴ።»

«እንግዶቹስ እነሱ፤ አገሩ የእኛ» ብለው ፈገግ ለማለት ሞከሩ። ከነጠላቸው ሥር በብብታቸው የያዙትን ጥቅል ግን ጠበቅ አደረጉት።

ከፍኖተ ሰላም ዋና አስፋልት ዳር ያለው ሆቴል አዳራሽ ደጃፉ በሰው ተሞልቷል። ኮት የለበሱ፣ የጉባኤ ቦርሳ ያነገቱ፣ የሻይ ብርጭቆ የያዙ ሰዎች ይተቃቀፋሉ፤ ይሳሳቃሉ። ወይዘሮ ያምሮት ከግድግዳው ተጠግተው የእያንዳንዱን ፊት ያዩ ጀመር። አንዱ ወደ እሳቸው የመጣ ሲመስላቸው ቀና ይሉና እጃቸውን ከነጠላቸው ያወጣሉ፤ ሰውየው በጎናቸው ሲያልፍ እጃቸውን መልሰው ይከታሉ። እስካሁን «እግዚአብሔር ያጽናዎ» ያላቸው ሰው አልነበረም። ልቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው እንዲህ መሳቁ ሳይገርማቸው አልቀረም። የተማረ ሰው ወግ ይሆናል ብለው መሰለኝ ነገሩን አለፉት።

«ትልቁ ማኅበርተኛ የትኛው ናቸው? እጅ ልንሳ እንጂ» አሉ በመጨረሻ።

ትሕትና ቆይተው እንደሚያገኟቸው ነገረቻቸውና ወደ ውስጥ ይዛቸው ገባች።

እናቷ በልጅነቷ ከሞተችባት ወዲህ ያደገችው በእኚሁ አክስቷ ቤት ነው፤ ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ካለ መንደር። ከአንድ ልጃቸው ከደረሰ ጋር ከአንድ ገበታ በልታ፣ በአንድ ቁርበት ላይ ተኝታ አደገች። የእሷ ትምህርት ገፋ፤ ደረሰ ከአሥረኛ ክፍል ወዲያ አልዘለቀም። አምና መከሩ ሳይደርስ፣ እንደ መንደሩ ጎረምሶች ሁሉ፣ ሰሊጥ ሊያጭድ ወደ መተማ ቆላ ወረደ። እዚያ የቆላ በሽታ ያዘው፤ እዚያው እርሻው ዳር ቀበሩት። አብረውት የሄዱት ሸሚዙን ብቻ ይዘው ተመለሱ።

ወይዘሮ ያምሮት ያን ሸሚዝ ዘርግተው ሙሾ ሲያወርዱ ትሕትና ከሴቶቹ መሀል ቆማ ታለቅስ ነበር። እያለቀሰች ስልኳን አውጥታ ቀዳችው። ለምን ብላ እንደቀዳችው ያን ጊዜ ብትጠየቅ፣ ለማስታወሻ ትል ነበር። ግን የፎክሎር ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪዋን የምታጠና ነበረችና፣ ወራት ሲያልፉ ያ ቅጂ የመመረቂያ ጽሑፏ እምብርት ሆነ። ርእሱን «አስከሬን የሌለበት ሙሾ» አለችው። አክስቷን «መረጃ አቀባይ ሀ»፣ ደረሰን «ሟቹ» ብላ ጻፈች። ጥናት ርቀት ይፈልጋል ብላ ራሷን አሳመነች። መጀመሪያ በወረቀት ላይ ብቻ የነበረው ርቀት ውሎ አድሮ ልቧ ውስጥ ገባ፤ «ሟቹ» የሚለውን ቃል ብዕሯን ሳታነሣ ትጽፈው ጀመር።

የቃል ሥነ ጥበብ አጥኚዎች ማኅበር እስከ ዘንድሮ ድረስ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን የሚያውቃቸው ወንበር ሲደረድሩና ቦርሳ ሲያድሉ ነበር። ዘንድሮ ሙሉ አባል እንዲሆኑ ተወሰነ፤ ከመካከላቸውም አንድ ሰው ተመርጦ ከሥራ አስፈጻሚው ጋር እንዲቀመጥ። ያ ወንበር የሚከፍተውን በር ሁሉም ያውቃል፤ በመጽሔቱ ላይ መታተም፣ ለሦስተኛ ዲግሪ ወደ ውጭ መላክ፣ ከታላላቆቹ ጋር በስም መጠራራት። ለውድድሩ የቀረቡት ሁለት ናቸው፦ ትሕትናና የክፍል ጓደኛዋ ወንዳወቅ። ወንዳወቅ ወደ ግሽ ዓባይ ጠበል የሚወርዱ ምእመናንን ትረካ የሚያጠና ዝምተኛ ልጅ ነው። ደረሰ የሞተ ጊዜ አብሯት ገጠር ወርዶ፣ ዳስ ውስጥ ተቀምጦ፣ ከወይዘሮ ያምሮት እጅ ንፍሮ ተቀብሎ በልቷል።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ዶክተር ሃይለ ሚካኤል ቅጂውን ባሕር ዳር ላይ ሰሙት። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና ማዳመጫውን ከጆሯቸው ሲያወጡ ፊታቸው በደስታ ቀልቶ ነበር።

«ድምፁ ግማሹ ነው» አሏት። «ሴትዮዋን ከነሸሚዙ ጉባኤው ፊት ካቀረብሽልኝ ምርጫው አለቀ።»

አክስቴ ናቸው ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃት ነበር። አላለችም።

ቀሪው በስልክ ተፈጸመ። ማኅበር ልትገባ መሆኑን ለአክስቷ ስትነግራቸው፣ የማን ማኅበር ነው፣ የሚካኤል ነው ወይስ የማርያም ብለው ደስ እያላቸው ጠየቁ። የተማሩ ሰዎች ማኅበር ነው አለቻቸው። ማኅበርተኞቹ የደረሰን መሞት ሰምተው እንዳዘኑ፣ ልቅሶ ሊደርሷቸው እንደሚፈልጉ፣ ነገር ግን ሰዎቹ ብዙ በመሆናቸው፣ መንገዱም ስለማይታመን፣ እሳቸው ብቅ ቢሉላቸው እንደሚሻል ነገረቻቸው። ሸሚዙንም ቢይዙት። ከዚያ ወይዘሮ ያምሮት፣ ለልጃቸው ከሩቅ አገር ድረስ ያዘነ ሰው መኖሩን እንዳላወቁ፣ ጠላ ጠምቀው በቤታቸው ቢቀበሏቸው እንደሚመርጡ፣ ካልሆነ ግን እግራቸው እስካለ እንደሚመጡ በተሰበረ ድምፅ ነገሯት።

እና መጡ። አሁን ከመድረኩ ጎን በነጭ ጨርቅ በተሸፈነ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ትሕትና በሸራው ላይ የሚፈራረቁትን ጽሑፎች እያሳየች ስትናገር ያዩዋታል። ከንግግሯ ውስጥ የሚገባቸው ጥቂቱ ነው፤ ግን ሰው ሁሉ እሷን እንደሚያዳምጥ ያያሉ። አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ልጁ ቅኔ ሲቀኝ እንደሚሰማ አባት፣ በኩራት ይመለከቷታል። ትሕትና ያን ፊት ላለማየት ዓይኗን በአዳራሹ የኋላ ግድግዳ ላይ ተከለች።

ንግግሯን ስትጨርስ ዶክተር ሃይለ ሚካኤል በእጃቸው ምልክት ሰጡ። ትሕትና ወደ አክስቷ ሄዳ፣ አሁን ማልቀስ እንደሚችሉ በጆሯቸው ነገረቻቸው።

ወይዘሮ ያምሮት ተነሡ። ጥቅሉን ፈቱና አረንጓዴውን ሸሚዝ በሁለት እጃቸው ዘርግተው ያዙት። ለሚያለቅሱላቸው ሰዎች ምስጋና ይሁን ብለው መጀመሪያ ወደ አራቱም አቅጣጫ እጅ ነሡ። ከዚያ ድምፃቸው ወጣ፤ ቀጭን፣ ከደረት ሳይሆን ከዚያ ይበልጥ ጥልቅ ከሆነ ቦታ የሚመጣ ድምፅ።

«አፈር ያላት እናት፣ አፈሩን ትሳመው፤
እኔስ ይህን ሸሚዝ፣ የቱ ጋ ልቅበረው!»

እዚህ ላይ አቆሙ። በአገራቸው እዚህ ላይ ሴቶቹ ይቀበላሉ፤ «ወዮ» ብለው ሐዘኑን ከአልቃሽዋ ጫንቃ ላይ ያነሡላታል፤ እሷም በዚያ መሀል ትንፋሽ ትስባለች። ወይዘሮ ያምሮት ጠበቁ። የተቀበላቸው አልነበረም። ከየወንበሩ ስልኮች ተነሥተው ወደ ፊታቸው ተደግነዋል። አንድ ወጣት አቀማመጡን እያስተካከለ ፎቶግራፍ ለማንሣት ከፊታቸው ተንበረከከ። ለእሳቸው የተንበረከከላቸው መስሏቸው በእጃቸው ተነሥ አሉት።

ቀጠሉ። ሐሩሩን ጠየቁት፤ ልጄን ውኃ ያጠጣው ማን ነበር አሉት። ሰሊጡን ረገሙት። እንደገና አቆሙ፤ እንደገና ጠበቁ። ትሕትና እዚያ ዳስ ውስጥ ቆማ ቢሆን ኖሮ ከአፏ የሚወጣውን ቃል ታውቀዋለች። ከንፈሯን ገጥማ ዋጠችው። ድጋፍ ያጣው ሙሾ ብቻውን ተንገዳግዶ ቆመ።

አዳራሹ አጨበጨበ።

ረጅም ጭብጨባ ነበር፤ አንዳንዶቹ ቆመው አጨበጨቡ። ወይዘሮ ያምሮት ሸሚዙን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡትና፣ ሠርግ ቤት በስሕተት እንደገባ ሰው ግራና ቀኝ አዩ። ዓይናቸው ትሕትናን ፈልጎ አገኛት። ያን ጊዜ የገባቸው ይመስለኛል።

ግን አላለቀም። የድምፅ ባለሙያው መጥቶ ማይክሮፎኑ እንዳልቀዳ ለዶክተሩ ሹክ አላቸው። ዶክተሩ በቅሬታ ግንባራቸውን ቋጥረው፣ ትሕትናን ጠሩና ለማኅበሩ ቤተ መዛግብት ሲባል ከመጀመሪያው መደገም እንዳለበት ነገሯት። ጉባኤውንም በትዕግሥት እንዲጠብቅ ጠየቁ። ትሕትና ወደ አክስቷ ቀርባ፣ ድምፁ እንዳይሰማ ማይክሮፎኑን በመዳፏ ሸፈነችው።

«እቴቴ፣ አልተቀዳም። አንድ ጊዜ ይድገሙልን።»

ወይዘሮ ያምሮት ቀና ብለው አዩዋት።

«ደግሞ ሞተ እንዴ?» አሉ።

«ለእኔ ሲሉ።»

ለእሷ ሲሉ ደገሙት። በዚህኛው ዙር እንባ አልነበረም፤ መቆምና መጠበቅም አልነበረም። ጸሐፊ ፊት ቆሞ ቃሉን እንደሚሰጥ ምስክር፣ ስንኞቹን አንድ በአንድ፣ በደረቅ ድምፅ ተናገሯቸው። ከፊት የተቀመጡት ተመራማሪዎች በሁለቱ ክዋኔዎች መካከል ያለውን ልዩነት ማስታወሻ ያዙ።

ከዚያ ጥያቄ ተከፈተ። ከአዲስ አበባ የመጡ አንዲት ባለ መነጽር ተመራማሪ ሸሚዙን በቅርብ ማየት እንደሚፈልጉ ተናግረው ወደ መድረኩ ወጡ። ወይዘሮ ያምሮት ሊሰጡ ፈለጉም አልፈለጉም፣ ጨርቁ ከእጃቸው ወጥቶ ነበር። ተመራማሪዋ ከብብቱ ሥር ባለው ቀዳዳ ጣታቸውን አስገብተው ለጉባኤው አሳዩ። ይህ መቀደድ የሐዘን ትእምርት ነው ወይስ በአጋጣሚ የሆነ ብለው ትሕትናን ጠየቋት።

ደረሰ የሄደ ዕለት፣ ቡሬ ላይ አይሱዙው ሲነሣ፣ ደረሰ አንድ እግሩን ጭነቱ ላይ አውጥቶ ሳለ፣ ትሕትና እየሳቀችና እያለቀሰች ሸሚዙን ይዛ ጎትታው ነበር። አትሂድ ብላው ነበር። የተቀደደው ያኔ ነው። ደረሰም ከላይ ሆኖ፣ ስመለስ አንቺው ትሰፊዋለሽ እያለ፣ በቀዳዳው ጣቱን አሹልኮ አሳያት።

«ትእምርታዊ ነው» አለች ትሕትና። «ከሟች ጋር ያለ ግንኙነት መበጠሱን ያመለክታል።»

ተመራማሪዋ ራሳቸውን እየነቀነቁ ጻፉ። ከዚያ፣ ለመዝጊያ ያህል፣ ይህን ያህል የሚተማመኑባትን መረጃ አቀባይ እንዴት እንዳገኘቻቸው፣ ዝምድና ካላቸውም ጥናቱ ላይ ሊገለጽ ይገባ እንደነበር አነሡ። ዶክተር ሃይለ ሚካኤል ከወንበራቸው ወደ ፊት አዘነበሉ። ትሕትና ሳታስበው ወንዳወቅን ፈለገችው፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበር። አንድ ቃል ቢናገር ወንበሩ የእሱ ነው። እሱ ግን ጉልበቱ ላይ ያለውን ባዶ ወረቀት ያይ ነበር።

«ዝምድና የለንም» አለች። «በመስክ ሥራ ላይ ያገኘኋቸው ናቸው።»

ይህ እሳቸውም የሚገባቸው አማርኛ ነበር። ከወይዘሮ ያምሮት ፊት ላይ አንዳች ጅማት አልተንቀሳቀሰም። ነጠላቸውን ብቻ ከትከሻቸው ወደ አናታቸው ሳቡት።

ዶክተሩ ተነሥተው ሁሉንም አመሰገኑ። ማኅበሩ በቅርቡ በሚያቋቁመው ዐውደ ርእይ ይህ ሸሚዝ የክብር ስፍራ እንደሚኖረው፣ እናቲቱም በስጦታ ስለሚያበረክቱት ጉባኤው በጭብጨባ ምስጋናውን እንዲገልጽ ጠየቁ። ከዚያ፣ ለወጉ ያህል፣ ወደ ትሕትና ዞር አሉ።

«ፈቃደኛ ናቸው አይደል?»

ወይዘሮ ያምሮት ሸሚዙን በያዙት የተመራማሪዋ እጆች ላይ ዓይናቸውን ጥለዋል። ወደ ትሕትና ዞረው ቢያዩ፣ ቢለምኗት፣ ቢቆጧት ምናልባት ሌላ ነገር ትል ነበር። አልዞሩም።

«አዎን» አለች። «ፈቅደዋል።»

ጭብጨባው ሲያበቃ ወዲያው ወደ ምርጫው ተገባ። እጆች ለወንዳወቅ ወጡ፤ ጥቂት ነበሩ። ለትሕትና ሲባል አዳራሹ የእጅ ደን ሆነ። ወደ መድረክ ተጠርታ፣ ከሊቀ መንበሩ ጎን ቆማ፣ የሚጨብጣትን ሁሉ እየጨበጠች ቁልቁል ስትመለከት ነጭ ጨርቅ የለበሰው ወንበር ባዶ ነበር።

ከመድረክ ስትወርድ ወንዳወቅ መጥቶ እንኳን ደስ አለሽ አላት። የእውነት ፈገግ ብሎ ነበር፤ ያ ፈገግታ ከስድብ ይልቅ ከበዳት።

«ለምን አልተናገርክም?» አለችው በሹክሹክታ።

«ምን ብዬ? አንቺ ዝምድና የለንም ካልሽ እኮ የለም» አላት። ቀጥሎም ድምፁን ሳይለውጥ፣ ወይዘሮ ያምሮት በእግራቸው ወደ መናኸሪያ ሲሄዱ ማየቱን፣ ልሸኝዎት ቢላቸው እንቢ ማለታቸውን ነገራት።

ከአዳራሹ ደጃፍ ባለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ሸሚዙን ዘርግተውት ነበር። እጅጌዎቹን ግራና ቀኝ ከፍተው በመርፌ ቁልፍ ከጨርቁ ጋር አያይዘዋቸዋል። ትሕትና ቆመች። እጇ ወደ አንገትጌው ተዘረጋ። ከማኅበሩ ነባር አባላት አንዱ ያን የተዘረጋ እጅ ለሰላምታ መስሎት በሁለት እጁ ጨበጠውና ስለ ጥናቷ ጥልቀት አድናቆቱን ገለጸላት። አመሰገነችው። የሚቀጥለውንም አመሰገነች። ከዚያ ባዶ እጇን ወጥታ ባጃጅ አስቆመች።

ፀሐዩ ከርሮ ነበር። መናኸሪያው ውስጥ የበርበሬ ማዳበሪያ የተሸከሙ ሰዎች በሚኒባሶቹ መሀል ይሽሎከለካሉ። ወደ ቡሬ የሚሄደው ሚኒባስ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ወይዘሮ ያምሮት ከሾፌሩ ኋላ ባለው ወንበር መስኮቱን ተጠግተው፣ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ትሕትና በመስኮቱ በኩል ተጠጋች። ከባጃጁ ወርዳ እየሮጠች ስለመጣች ትንፋሿ ተቆራረጠ። ሳይነግሯት ለምን እንደሄዱ ጠየቀቻቸው፤ ምሳ እንኳ እንዳልቀመሱ፣ ሁሉንም ቆይታ እንደምታስረዳቸው ተናገረች። ሸሚዙንም እንደምትመልስላቸው ቃል ገባች።

ወይዘሮ ያምሮት ፊታቸውን መለሱላት። በፊታቸው ላይ ቁጣ የለም።

«አይድከሙ» አሉ። «ይመለሱ፤ ማኅበርተኞችዎ ይጠብቁዎታል።»

ትሕትና ከኋላዋ ላለ ሰው የተናገሩ መስሏት ዞር አለች። ከኋላዋ ማንም አልነበረም።

ከዚህ አንደበት፣ ሲቆጧትም፣ ሲወዷትም፣ ሲረግሟትም፣ ሲመርቋትም አንድ ቀን ከ«አንቺ» ሌላ ሰምታ አታውቅም። «አንቱ» ለቄስ ነው፤ ለአማች ነው፤ በመንገድ ለሚያገኙት፣ ከየት እንደመጣ ለማያውቁት ሰው ነው። ወይዘሮ ያምሮት ቃሉን ያሉት ለማቁሰል ብለው እንዳልሆነ ከድምፃቸው ታወቃት። ለስላሳ ነበር። የጠየቀችውን ሰጧት፤ ዝምድና የለንም ብላ ነበርና፣ ዝምድና የሌለውን ሰው በሚያከብሩበት ክብር አከበሯት።

ስልኳ ነዘረ። ዶክተር ሃይለ ሚካኤል ናቸው፤ አዲሱ ሥራ አስፈጻሚ ፎቶግራፍ ሊነሣ ነው፣ የት ሄድሽ ብለው ጽፈዋል። ቀጥሎ ሌላ መልእክት ገባ። ሾፌሩ ከውጭ ሲጋራውን ጥሎ ወደ መኪናው መጣ። ከወይዘሮ ያምሮት ጎን ያለው አንድ ቦታ ብቻ ባዶ ነበር።

ትሕትና ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ገባች።

ወይዘሮ ያምሮት ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው፣ እንድትመቻት አድርገው ቦታ ለቀቁላት። በሩ ተዘጋ። መኪናው ከመናኸሪያው ወጣና በሆቴሉ ደጃፍ በኩል አለፈ። ትሕትና አልተመለከተችም። በሁለቱ ሴቶች ትከሻ መካከል ጣት የማያስገባ ክፍተት ነበር፤ መኪናው ሲንገጫገጭ ይገናኛል፤ ሲቃና ይለያያል። የከተማው ቤቶች አለቁ፤ የታጨዱ የበቆሎ ማሳዎች ጀመሩ። ከኋላ የተቀመጡት ስለ ገበያ ያወራሉ።

ወደ ማንኩሳ ሲቃረቡ ወይዘሮ ያምሮት ከመስኮቱ ተመለሱ። ረጅም መንገድ አብሮ የሚሄድ ሰው ዝም ቢባባል ነውር ነውና፣ መንገደኛ መንገደኛን በሚጠይቅበት ድምፅ፣ በፈገግታ ጠየቋት።

«አንቱስ፣ እስከ የት ነዎት?»

ትሕትና አፏን ከፈተች። ማሳው በመስኮቱ ያልፋል፤ ወይዘሮ ያምሮት በትዕግሥት መልሷን ይጠብቃሉ።